የተማሪ ድርሰት በኮምፒዩተር ሲታረም፦ የስድሳ ዓመት ሙከራና ያስከተለው ችግር

ከመምህሩ ሥራዎች ሁሉ ድርሰትን የማረም ያህል ጊዜ የሚወስድ፣ በዚያው ልክም ከሌላ ሰው ዓይን የተሰወረ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። የሒሳብ መልስ በቁጥሩ ይታያል፤ የጂኦግራፊ ጥያቄ መልስ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ይመሳከራል። ድርሰት ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት። ያነበበውም ሰው ስለ ሐሳቡ፣ ስለ አደረጃጀቱና ስለ ቋንቋው በአንድ ጊዜ ፈርዶ አንድ ቁጥር ላይ መድረስ ይጠበቅበታል። ስድሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ለእያንዳንዱ ወረቀት አሥር ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ አንድ ዙር እርማት አሥር ሰዓት ይፈጃል። ሦስትና አራት ክፍል የሚያስተምር መምህር በዓመት የሚያስጽፈውን ድርሰት ቢቀንስ ስንፍና ነው ብሎ ለመውቀስ ያስቸግራል።

ይህን ሸክም ከመምህሩ አንሥቶ ለኮምፒዩተር የመስጠት ሐሳብ በዩናይትድ ስቴትስ ተግባራዊ ሙከራ ከተደረገበት ስድሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። በዚህ ዘመን ውስጥ መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ተለውጠዋል፤ የቀረበባቸው ተቃውሞ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። ለምን እንዳልተለወጠ ለመረዳት ነገሩን ከኮምፒዩተር በፊት ከነበረው ጊዜ መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆራስ ማንና ደጋፊዎቹ በ1845 የቦስተን ከተማ ተማሪዎች በቃል መጠየቃቸው ቀርቶ በጽሑፍ እንዲፈተኑ ካደረጉ ወዲህ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰጥቶ መልሱን በወረቀት መሰብሰብ በአሜሪካ እየተስፋፋ ሄደ። ወረቀት ደግሞ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ሊታረም ይችላል፤ ችግሩም የታየው በዚሁ ምክንያት ነው። የእንግሊዙ ምሁር ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ በ1888 ባወጣው ጥናት በፈተና ውጤት ውስጥ የዕድል ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በስታቲስቲክስ ሊያሰላ ሞከረ። በ1912 ደግሞ ስታርችና ኤልየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን አባዝተው ለትምህርት ቤቶች ላኩ። 142 መምህራን ያንኑ ወረቀት ሲያርሙ፣ ከመቶ ሃምሳ ግድም የሰጠውም ከዘጠና አምስት በላይ የሰጠውም ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሰው ግን ኢ.ቲ.ኤስ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የፈተና ድርጅት በ1961 ያወጣው ጥናት ነው። ፖል ዲደሪክና ባልደረቦቹ 300 የኮሌጅ ተማሪዎች ድርሰቶችን ለ53 አንባቢዎች ሰጡ። አንባቢዎቹ መምህራን ብቻ ሳይሆኑ ጸሐፊዎችና አርታዒዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የንግድ ሥራ ኃላፊዎችም ነበሩ። ድርሰቶቹን በዘጠኝ ደረጃ እንዲከፍሉ ሲጠየቁ፣ ከመቶው 94 የሚሆኑት ድርሰቶች ቢያንስ ሰባት የተለያዩ ደረጃዎችን አገኙ። ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ አንድ ድርሰት እንኳ አልነበረም።

የዚህ ጥናት ግማሹ ብቻ ሲጠቀስ ኖሯል። አጥኚዎቹ አለመስማማቱን መዝግበው አላቆሙም፤ ምክንያቱንም መርምረዋል። ያገኙትም አንባቢዎቹ በአምስት ወገን የተከፈሉ መሆናቸውን ነው። አንዱ ወገን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሐሳብን ነው፤ ሁለተኛው አደረጃጀትን፣ ሦስተኛው የጸሐፊውን ለዛ፣ አራተኛው ሰዋስውንና ሥርዓተ ነጥብን፣ አምስተኛው የቃላት አመራረጥን። ስለዚህ አለመስማማቱ ሁሉ የድካም ወይም የግድየለሽነት ውጤት አልነበረም። አንድ ድርሰት ብዙ ነገር በመሆኑ ብዙ ዓይነት አንባቢ ያገኛል። ከዚህ ግኝት ሁለት መንገዶች ሊወጡ ይችሉ ነበር፤ አንደኛው መምህራን በምን ነገር ላይ እንደሚለያዩ ተወያይተው እንዲግባቡ ማድረግ፣ ሁለተኛው ደግሞ የማይለዋወጥ አራሚ መፈለግ ነው። ገንዘቡና ትኩረቱ የሄደው በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ነው።

የማይለዋወጥ አራሚ ለምርጫ ጥያቄ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ሬይኖልድ ጆንሰን የተባለ የሚሺገን የሳይንስ መምህር የእርሳስ ጭረት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መሆኑን ተጠቅሞ የሠራው መሣሪያ፣ በ1938 አይ ቢ ኤም 805 በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ኤቨረት ሊንድክዊስት ደግሞ በ1950ዎቹ በአዮዋ በብርሃን የሚያነብ ፈጣን መሣሪያ ሠራ። ክብ አጥቁሮ መልስ መስጠት የለመደ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ የዚህ ፈጠራ ወራሽ ነው። የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረውን በድርሰት የሚመለስ ፈተና በ1942 በጦርነቱ ምክንያት አቁሞ በምርጫ ጥያቄ ላይ ሲያተኩር፣ ድርሰት ብዙ ወጪ የሚጠይቅና የማያስተማምን፣ የምርጫ ጥያቄ ደግሞ ርካሽና የማያዳላ ሆኖ መታየቱ እየበረታ ሄደ። ድርሰት ወደ ትልልቅ ፈተናዎች ተመልሶ እንዲገባ ከተፈለገ እንደ ምርጫ ጥያቄ በርካሽና በፍጥነት መታረም አለበት የሚለው አስተሳሰብ የተወለደውም ከዚሁ ነው።

ኤሊስ ባተን ፔጅ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር የነበረ፣ በኋላም በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተመራማሪ የሆነ ሰው ነው። የእርማትን ድካም በራሱ ያውቀዋል፤ ዓላማውም የመምህሩን ሸክም ማቅለል ነበር። በጥር 1966 ባሳተመው ጽሑፍ ድርሰትን በኮምፒዩተር የማረም ዘመን መቃረቡን አስታወቀ። ሙከራው የተደረገው ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በጻፏቸው 276 ድርሰቶች ላይ ነው። ድርሰቶቹ በሚበሳ ካርድ ላይ ተገልብጠው ለኮምፒዩተር ተሰጡ።

ፔጅ ኮምፒዩተሩ ማንበብ እንደማይችል አልደበቀም። እንዲያውም ልዩነቱን በግልጽ አስቀምጦታል። በአንድ በኩል የድርሰቱ እውነተኛ ባሕርያት አሉ፤ የሐሳብ ጥራት፣ የአነጋገር ውበት፣ የመከራከሪያ ጥንካሬ የመሳሰሉት። እነዚህን ኮምፒዩተር ሊለካቸው አይችልም። በሌላ በኩል ከእነዚህ ጋር አብረው የሚገኙ፣ ሊቆጠሩ የሚችሉ ምትክ ምልክቶች አሉ፤ የድርሰቱ ርዝመት፣ የቃላቱ አማካይ ርዝመት፣ የነጠላ ሰረዞች ብዛት፣ የመስተዋድዶች ብዛት፣ ብዙ ጊዜ የማይነገሩ ቃላት መገኘት። ጥሩ ጸሐፊ በአብዛኛው ረጅም ይጽፋል፤ ያልተለመደ ቃልም ያውቃል። ስለዚህ ምልክቶቹን ቆጥሮ፣ ሰዎች ከሰጡት ነጥብ ጋር አነጻጽሮ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ክብደት ማውጣት ይቻላል። ውጤቱም ለብዙዎች አስደናቂ ሆነ፤ ኮምፒዩተሩ የሰጠው ነጥብ ከሰዎች ነጥብ ጋር የነበረው ተዛምዶ 0.71 ደረሰ። ይህም ሰዎች እርስ በርሳቸው ከሚስማሙበት የሚያንስ አልነበረም። በ1968 ፔጅና ፖውለስ ባወጡት ተከታይ ጥናት ይኸው አሠራር ለሐሳብ፣ ለአደረጃጀት፣ ለስልት፣ ለሥርዓተ ጽሕፈትና ለፈጠራ ችሎታ ጭምር ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጥ ተደረገ። ነጠላ ሰረዝ ተቆጥሮ የፈጠራ ችሎታ መገመቱ ያን ጊዜም ቢሆን ብዙ መምህራንን ሳያስቅ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ከመሳቁ በፊት ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ መለየት ይገባል። አንድ መንደር ውስጥ የገባ ቆጣሪ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸውን ቤቶች ቆጥሮ የትኛው ቤተሰብ የተሻለ ኑሮ እንዳለው ቢገምት ብዙ ላይሳሳት ይችላል። ግምቱ የሚሠራው ግን ሰዎቹ ቆርቆሮ የሚያለብሱት ኑሯቸው ስለ ተሻሻለ እስከ ሆነ ድረስ ነው። የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሁሉ እርዳታ ወይም ሹመት ያገኛል ተብሎ ቢታወጅ፣ እህሉን ሸጦ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ቆጠራው ስለ ኑሮ የሚናገረው ነገር አይኖርም። የፔጅ ድርሰቶች የተጻፉት በኮምፒዩተር እንደሚታረሙ በማያውቁ ተማሪዎች ነበር። ምትክ ምልክቶቹ እውነተኛ ባሕርያትን የተከተሉት ስለዚህ ነው። ፈተናው የተማሪውን ዕጣ የሚወስን ሲሆን፣ ተማሪውም መምህሩም ምን እንደሚቆጠር ሲያውቁ ምን እንደሚሆን ያ ሙከራ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነበር።

ጥያቄው ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይፈተን ቆየ። በካርድ መብሳት ብዙ ገንዘብና ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ የፔጅ ሥራ ከጥናት ወረቀት ብዙም አልራቀም። በ1990ዎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተነቃቃ። ቶማስ ላንዳወርና ባልደረቦቹ የድርሰቱን ቃላት ከብዙ ጽሑፎች ቃላት ጋር በማነጻጸር ይዘቱን የሚገምት ዘዴ አወጡ። ዘዴው የቃላትን ቅደም ተከተል አይመለከትም፤ የአንድ አንቀጽ ቃላት ተገለባብጠው ቢቀመጡም ለእርሱ ያው ነው። ኢ.ቲ.ኤስ. በበኩሉ ኢ-ሬተር የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጅቶ፣ ከየካቲት 1999 ጀምሮ ጂማት በሚባለው የንግድ ትምህርት መግቢያ ፈተና ላይ ከሁለቱ ሰው አራሚዎች በአንዱ ቦታ ተካው። ሰውና ኮምፒዩተር ከአንድ ነጥብ በላይ ከተለያዩ ሌላ ሰው እንዲያነብ ይደረግ ነበር።

ድርጅቱ ራሱ በ2001 ባወጣው ጥናት፣ የጽሕፈት ትምህርትና የቋንቋ ባለሙያዎች ፕሮግራሙን ለማሳሳት እንዲሞክሩ ጋብዞ ነበር። ይህን ማድረጉና ውጤቱን ማሳተሙ የሚያስመሰግነው ነው። ከተጋበዙት አንዱ ጥቂት አንቀጾችን ጽፎ እነዚያኑ 37 ጊዜ ደጋገማቸው። ኢ-ሬተር ከፍተኛውን ነጥብ፣ ማለትም ከስድስት ስድስት ሰጠው።

ከዚህ በኋላ በተነሣው ክርክር ስሙ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጽሕፈት ትምህርት ኃላፊ የነበረው ሌስ ፔረልማን ነው። በ2005 በኤስ ኤ ቲ ፈተና ላይ ድርሰት ሲጨመር ለናሙና የታተሙትን ወረቀቶች መርምሮ፣ ነጥቡ ከርዝመቱ ጋር በጣም የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ ወረቀቱን ሳያነብ፣ ከሩቅ አይቶ ብቻ ነጥቡን መገመት ይችል ነበር። የተጻፈው የታሪክ ዓመት ወይም የሰው ስም ስሕተት ቢሆንም አራሚዎቹ ነጥብ እንዳይቀንሱ ታዘው ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚያን ወረቀቶች ያረሟቸው ሰዎች እንጂ ኮምፒዩተር አለመሆኑ ነው። ይህ ወደ ታች እንደገና ይነሣል።

በ2012 ፔረልማን ኢ-ሬተርን ለአንድ ወር እንዲሞክረው ተፈቀደለት። ትርጉም የሌላቸው ብዙ ዓረፍተ ነገሮች የሞሉበት ባለ 716 ቃል ድርሰት ስድስት ሲያገኝ፣ በሚገባ የተከራከረ ባለ 567 ቃል ድርሰት አምስት አገኘ። እውነትና ሐሰትን ፕሮግራሙ አይለይም፤ አሥራ ስድስት ሺህ ድርሰት በሃያ ሴኮንድ ያርማል የተባለለት መሣሪያ ይህን ይለያል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። በ2014 ደግሞ ፔረልማንና ከኤም አይ ቲና ከሃርቫርድ የመጡ ተማሪዎች ሦስት ቃላት ሲሰጡት በቅጽበት ትርጉም አልባ ድርሰት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ሠሩ። በዚህ ፕሮግራም የወጣ ድርሰት ለትምህርት ቤቶች ከሚሸጡት ማረሚያዎች በአንዱ ከስድስት 5.4 አገኘ። አንድ ኮምፒዩተር ማንም ያላሰበውን ጻፈ፤ ሌላው ኮምፒዩተር ሳያነበው አጸደቀው። ኢ.ቲ.ኤስ. በ2018 እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ የሚያጣራ መከላከያ ማዘጋጀቱን ገልጿል። ይህ እርምጃ አንድን ማታለያ ይዘጋል፤ የሚቆጠረው ከሚፈለገው የተለየ መሆኑን ግን አያስቀረውም።

ለኮምፒዩተር የሚሟገቱት ወገኖች መልስ አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። በ2012 በሂውለት ፋውንዴሽን ገንዘብ በተደረገው ውድድር ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች በስምንት የድርሰት ስብስቦች ላይ ተፈትነው፣ ከሰው አራሚዎች ጋር የነበራቸው ስምምነት ሰዎች እርስ በርሳቸው ከነበራቸው ጋር ተቀራራቢ ነው ተባለ። ኮምፒዩተር አይደክመውም፤ ማለዳ ያረመውንና ማታ ያረመውን በተለያየ ሚዛን አይመዝንም፤ የልጁን ስም አይቶ አያዳላም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የተስማማው ከየትኞቹ ሰዎች ጋር ነው? በትልልቅ ፈተናዎች ላይ በጊዜያዊነት የሚቀጠሩ አራሚዎች ለአንድ ድርሰት የሚሰጣቸው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከሌላው አራሚ የተለየ ነጥብ እንዳይሰጡ ሠልጥነዋል፤ ከተለዩም ይታረማሉ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚያነብ ሰው ርዝመትንና የአንቀጽ ቅርጽን አይቶ ቢፈርድ አይገርምም። የኤስ ኤ ቲው ጉዳይ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ ሰውን እንደ መሣሪያ እንዲያርም አደረጉ፤ ቀጥሎም መሣሪያው ከሰው ጋር ተስማማ ብለው አስረጂ አቀረቡ። ከዲደሪክ አምስት ወገን አንባቢዎች ውስጥ የሐሳቡና የለዛው አንባቢ በዚህ መካከል ጠፋ።

አያዳላም የሚለውም ቢሆን ገደብ አለው። የኢ.ቲ.ኤስ. ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ንጽጽር፣ ኢ-ሬተር ከቻይና ለመጡ ተፈታኞች ሰዎች ከሚሰጡት ከፍ ያለ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ ዝቅ ያለ አማካይ ነጥብ የመስጠት አዝማሚያ እንዳለው ታይቷል። የተሸመደደ መግቢያና መደምደሚያ፣ ረጅም ጽሑፍ፣ የተለመደ ቅርጽ ፕሮግራሙን ያስደስቱታል፤ ከተለመደው ወጣ ያለ አነጋገር ያስቀጣል። ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቶፍልና ጂ አር ኢ ለሚፈተኑት ድርሰታቸው ለዓመታት በሰውና በኢ-ሬተር ሲመዘን ቆይቷል።

ተመሳሳይ አሠራር በአማርኛ ድርሰት ላይ ይዋል ቢባል ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ፔጅ የቆጠራቸው ምልክቶች የእንግሊዝኛ ምልክቶች ናቸው። «አላስነበበቻቸውም» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል አሉታን፣ አስደራጊነትን፣ አድራጊዋንና ተደራጊዎቹን ጠቅልሎ ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ያህል ቃላት ይፈልጋል። ስለዚህ የቃል ርዝመት በአማርኛ የሚያመለክተው የቃላት ሀብትን ሳይሆን የግሡን እርባታ ነው። የመስተዋድድ ቆጠራም እንዲሁ ነው፤ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ከዚህ የሚብሰው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሐሳብ»፣ «ሀሳብ» እና «ሃሳብ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለቆጣሪ ግን ሦስት። በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱንም የቀላቀለ ተማሪ በእንዲህ ያለ ማረሚያ የቃላት ሀብታም ተብሎ ሊሸለም ይችላል። ፊደላቱ አስቀድመው ወደ አንድ እንዲጠቀለሉ ቢደረግ ደግሞ የቃሉን ሥር ጠንቅቆ የሚጽፈውና የማይጽፈው ተማሪ እኩል ይሆናሉ። ሰምና ወርቅ ላለው አነጋገር ቆጠራው የሚሠራው ነገር ጭራሽ የለውም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ የሚያደምጠው ዜማውንና ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ወርቁ ከሰሙ በትክክል መውጣቱንም ነው፤ እርማቱም እዚያው በቃል ይሰጣል።

በዩናይትድ ስቴትስ የጽሕፈት መምህራን ማኅበራት ተቃውሟቸውን ያሰሙት ቀደም ብለው ነው። የኮሌጅ የጽሕፈት መምህራን ጉባኤ በ2004፣ የእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤትም በ2013 አሠራሩን የሚነቅፍ መግለጫ አወጡ። ዋና መከራከሪያቸው ስለ ነጥቡ ትክክለኛነት ብቻ አልነበረም። ተማሪ የሚጽፈው ለሚያነብ ሰው ነው፤ አንባቢ የሌለው መሆኑን ካወቀ የሚማረው መጻፍን ሳይሆን ቅጽ መሙላትን ነው የሚል ነበር። በአውስትራሊያ ነገሩ በመንግሥት ደረጃ ታየ። ናፕላን በተባለው ብሔራዊ ፈተና ላይ ድርሰትን በኮምፒዩተር ለማረም ታቅዶ ሳለ፣ የመምህራን ማኅበር ፔረልማንን ጠይቆ ጥናት አስደረገ፤ የክፍለ ግዛቶቹ የትምህርት ሚኒስትሮችም ዕቅዱን ሳይቀበሉት ቀሩ። ውሳኔው በጥር 2018 ይፋ ሆነ።

ከ2022 ወዲህ የመጡት ጽሑፍ አመንጪ ፕሮግራሞች ሁኔታውን በከፊል ለውጠውታል። ስለ ድርሰቱ ይዘት አስተያየት የሚመስል ነገር ይጽፋሉ፤ የፊደልና የሰዋስው ግድፈት በመጠቆም በኩልም ተማሪው ራሱን እንዲያርም ሊረዱት ይችላሉ፤ ነጥብ እስካልተያዘበት ድረስ ይህ አይጠላም። ነገር ግን ድርሰቱን ራሱን ሊጽፉለትም ስለሚችሉ፣ በ2014 እንደ ቀልድ የታየው የኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር መጻጻፍ የዕለት ተዕለት ሥጋት ሆኗል።

ወጪ መቀነስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ያሳያል። የክፍለ ግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2024 የጽሑፍ መልሶችን አብዛኞቹን በኮምፒዩተር ማሳረም ጀመረ። ፕሮግራሙ ከአዲሶቹ ጽሑፍ አመንጪዎች ወገን እንዳልሆነ መሥሪያ ቤቱ አስታውቋል፤ የሠለጠነው ሰዎች ባረሟቸው ሦስት ሺህ ያህል መልሶች ነው። ከመልሶቹ አንድ አራተኛው በሰው እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። በ2023 ስድስት ሺህ ያህል የነበሩት ጊዜያዊ አራሚዎች በ2024 ከሁለት ሺህ በታች ሆኑ፤ የሚተርፈው ገንዘብም በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በነጥቡ ያልተስማማ ወላጅ መልሱ እንደገና እንዲታረም መጠየቅ ይችል ነበር፤ ክፍያው 50 ዶላር ሲሆን፣ ነጥቡ ከፍ ብሎ ከተገኘ ክፍያው ይቀርለታል።